ፍሪሲዮኑ የየት አገር ነው?

በአዲስ አበባ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ስለ ፍሪሲዮን ምክር ተቀብሎ ያውቃል፤ መኪና የሌለው ደግሞ ሰጥቶ ያውቃል። ስለ ጨጓራ ሲጠየቅ «ሐኪም ያውቃል» ብሎ የሚያልፍ ጨዋ ሰው፣ ፍሪሲዮን ሲነሣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይጠጋል። አይፈረድበትም። ጎማ ሲያልቅ ላዩ ይመሰክራል። መብራት ሲቃጠል ትራፊክ ፖሊስ ያስታውሳል። ፍሪሲዮን ግን በሞተርና በካምቢዮ መሀል ተደብቆ የሚኖር ስለሆነ ማንም እንዳሻው ሊናገርለት ይችላል። ካልፈቱት አይታይ፣ ካልታየ ማንም አይረታ።

የኔዋ ቮልስ ናት። ሊብሬዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1965 ሞዴል፣ 1200 ሲሲ ነች ይላል። ሊብሬ የሚለው ሁሉ እውነት ከሆነ ማለቴ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሕመሟ የታወቀው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ከለገሃር በኩል ተነሥቶ ወደ ማዘጋጃ ቤት ለሚወጣ ሰው መንገዱ መጀመሪያ ላይ እያባበለ ነው የሚቀበለው፤ ዳገትነቱን የሚገልጸው ፖስታ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ነው። ነዳጅ ስሰጣት ድምጿ ጨመረ፣ ፍጥነቷ ግን አልጨመረም። ልክ እንደ ዕድር ስብሰባ ጩኸቱ እያየለ ሄደ፣ ጉዳዩ ካለበት ፈቀቅ አላለም። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ባለቤቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣

«የሚሸት ነገር የለም?» አለችኝ።

«ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ነው።»

የጭነት መኪናው ታጥፎ ሄደ። ሽታው አብሮን ቀረ።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ ጫፍ ላይ ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት አለ፤ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ አብሮ ይዞራል። በቮላኖው ላይ በስድስት ቡሎን የታሰረ ባለ ሞላ መጫኛ አለ። በሁለቱ መሀል ግራና ቀኙ ሸራ የለበሰ ቀጭን ዲስክ ይገባል፤ የሞተሩን ጉልበት ለካምቢዮው የሚያደርሰው እሱ ነው። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሡ መጫኛው ዲስኩን ከቮላኖው ጋር ያጣብቀዋል። ስትረግጡ አንድ ኩሽኔታ መጫኛውን ይገፋውና ዲስኩ ይለቀቃል። ሰው ሁሉ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚሠራ ይመስለዋል እንጂ እሱ ሲረገጥ ነው የሚያርፈው። ሸራው ሲያልቅ፣ ዘይት ሲነካው ወይም የመጫኛው ሞላ ሲደክም ዲስኩ መጣበቅ ትቶ ይንሸራተታል። ያኔ ነው እንግዲህ ዳገት ላይ የዕድር ስብሰባ የሚጠራው።

መካኒኬ ሽበታም ናቸው። እኔም ጸጉሬ ነጥቷል፤ እሳቸው ዘንድ ግን እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነኝ።

«ጋሼ፣ ፍሪሲዮኗ አልቋል» አልኳቸው።

«ማን አለቀ አለህ?»

«ሽታው።»

«ሽታ መካኒክ አይደለም» አሉና ከመኪናዋ ሥር ገቡ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይሞት የተቀበረ ፍሪሲዮን ብዙ ነው የሚል ጽኑ እምነት አላቸው። የቮልስ ፍሪሲዮን የሚጎተተው በገመድ ነው፤ ገመዱ ከፔዳሉ ተነሥቶ የመኪናዋን ወለል አቋርጦ ኋላ ካምቢዮው ጋ ይደርሳል፣ እዚያም ባለ ክንፍ ዳዶ ይይዘዋል። ፔዳሉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ያለ ሥራ መውረድ አለበት። ገመዱ ከዚያ በላይ ከከረረ ኩሽኔታው ቀኑን ሙሉ መጫኛውን ሲገፋ ይውልና ደህናው ፍሪሲዮን መንሸራተት ይጀምራል። ባለመኪናውም አዲስ ፍሪሲዮን ገዝቶ ያስገባል። መድኃኒቱ ግን ያቺን ዳዶ በጣት ሁለት ዙር ማላላት ነበር። ያለ ቁልፍ፣ በጣት! መካኒኬ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ለሟቹ ያዝናሉ።

ዳዶዋ ላልታም መንሸራተቱ አልቀረም። የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ አራተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ነዳጅ ሰጥተው ፍሪሲዮኑን ለቀቁት። ደህና ፍሪሲዮን ቢሆን ሞተሩ ታንቆ ይጠፋ ነበር። የኔዋ ሞተር ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሯን ቀጠለች።

«አሁን አለቀ በል» አሉኝ፣ ፈቃድ ሰጪው ራሳቸው ስለሆኑ።

ወሬው ሰፈር ከገባ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቮልስ ነድተው አያውቁም፣ የቮልስ ባለቤት የሆነ ወዳጅ ግን ነበራቸው። «ጀርመን ካልሆነ እንዳትነካ! ጀርመን ካጣህ አቁማት» ብለው ውሳኔ ሰጡ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ያገለገለ ኦርጅናል ከአዲስ ቻይና ይበልጣል ባይ ነው። ይህ አነጋገር ከተማው ውስጥ ስለ ጫማም፣ ስለ ፍሪጅም፣ ስለ ቧንቧም ይባላል፤ አንዳንዴ እውነት ነው። ፍሪሲዮን ላይ ግን አያስኬድም። የዲስክ ሥራ ማለቅ ነው፤ ያገለገለ ዲስክ ማለት ግማሹን ሥራ ለሌላ ሰው ሠርቶ የመጣ ማለት ነው። የሚገርመው ዋጋው ግማሽ አይደለም።

ሦስተኛው አማካሪ አሮጌውን ዲስክ አዲስ ሸራ አስለብሰው አለኝ። ይህ እንኳ የሚናቅ ምክር አልነበረም። ዕቃ በጠፋበት ዘመን ስንቱን መኪና ያቆየ ጥበብ ነው፤ ባለሙያው አሮጌውን ሸራ ከነሪቬቱ አውልቆ አዲሱን ይመታበታል። ግን ዲስኩ ራሱ ቀጥ ብሎ መገኘት አለበት፣ መሀሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ሞላዎች መላላት የለባቸውም፣ ጥርሱም መበላት የለበትም። የኔው ዲስክ ይህን ፈተና ያልፍ እንደሆነ ሞተሩ ወርዶ ሳይታይ ማንም ሊያውቅ አይችልም። አማካሪዎቼ ግን ያውቁ ነበር።

አንድ ወጣት ደግሞ ለውድድር መኪና የሚሠራ ጠንካራ መጫኛ እንዳስገባ አጥብቆ መከረኝ። «አይለቅም ጋሼ፣ ቆንጥጦ ነው የሚይዝ!» እውነቱን ነው፣ አይለቅም። ፔዳሉም እንዲሁ እግርን አይለቅም። ሞላው ሲጠነክር እግር የሚገፋው ክብደት ይጨምራል፣ ገመዱ ይወጠራል፣ ኩሽኔታውም ይጎዳል። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሥራ መውጫ ሰዓት የነዳ ሰው በአንድ ጉዞ ስንት ጊዜ ፍሪሲዮን እንደሚረግጥ ያውቀዋል፤ ለዚያ መንገድ የውድድር መጫኛ መግዛት ገንዘብ ከፍሎ የግራ ጉልበትን ማስቀጣት ነው። ደግሞስ ምን ጉልበት ተገኝቶ? አየር በሳሳ ቁጥር ሞተር ይደክማል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። 50 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስ ሞተር እዚህ ሲደርስ 12ቱ ፈረሶች ሞጆ ላይ ቀርተዋል። የቀሩትን ለመያዝ ፋብሪካው የሠራው መጫኛ ይበቃል።

የመጨረሻው አማካሪ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ነው። «ፍሪሲዮን ብሎ ነገር የለውም» አለኝ፣ እጁን ኪሱ ከቶ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ወገን በጣም ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። የልጅ ልጆቻችን በግራ እግር የሚረገጥ ነገር መኖሩን ሙዚየም ውስጥ ያዩት ይሆናል። ሰውየው በክርክሩ ረታኝ፤ የመኪናውን ዋጋ ስጠይቀው ግን ሁለታችንም ወደ ቮልሷ ተመለስን።

አሁን ወደ ሊብሬው። ሞተሩ ካልወረደ ምን እንደሚገዛ አይታወቅም፤ መካኒኬ በዚህ አይደራደሩም። ደግነቱ የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ነው። ሽቦዎቹን፣ የነዳጁን ጎማና ገመዶቹን ነቅለው፣ ክሪክ ደግፈው፣ ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል። ልምድ ያለው መካኒክና ረዳቱ ከምሳ በፊት አውርደውት ቡና ይጠጣሉ። ረዳቱ በውስጡ የተጠራቀመውን ጥቁር ብናኝ በአየር ሊነፋው ሲል «ተው!» ብለው ጮኹበት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ ወደ ሳንባ የሚገባ ነገር አይደለም። በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ። ይህን ያነበበ መካኒክ ካለ አደራ፣ እርጥብ ጨርቅ!

ከዚያ መካኒኬ ባትሪ አብርተው ካምቢዮው ያለበትን ባዶ ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ።

«ይቺን ማን ሞረዳት?»

የካምቢዮው ቤት የውስጥ ግድግዳ ላይ የሞረድ ጭረት ይታያል። የ1965 ቮልስ 1200 ሞተር የሚይዘው 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ነው፤ ቮላኖውም በዚያው መጠን ነው። ከጊዜ በኋላ የመጡት 1500 እና 1600 ሞተሮች ግን 200 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይይዛሉ፤ ቮላኗቸውም ስለሚሰፋ በአሮጌው ካምቢዮ ቤት ውስጥ እየነካ አላስዞር ይላል። ስለዚህ ግድግዳው ይሞረዳል። የሞረደው ሰው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው መንግሥት ዘመን እንደሞረደው አይታወቅም፤ የኔዋ 1200 ግን በሆዷ 1600 ይዛ ነው ለዓመታት 1200 ነኝ ስትል የኖረችው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ 200 ብሎ መግዛት ነበር። አላበቃም። እስከ 1970 ድረስ የተሠሩት ቮልሶች መጫኛቸው መሀል ላይ ቀለበት አለው፤ ኩሽኔታው የሚገፋው ቀለበቱን ነው። ከ1971 ሞዴል ወዲህ ቀለበቱ ቀረ፤ በምትኩ ከካምቢዮው የምትወጣው ዘንግ ላይ ቱቦ አደረጉ፣ ኩሽኔታው በቱቦው ላይ እየተንሸራተተ የመጫኛውን ጣቶች በቀጥታ ይገፋል። ሁለቱ አይቀያየሩም። ባለ ቱቦው ካምቢዮ ቀለበት አይፈልግም፤ ቱቦ የሌለው ደግሞ ያለ ቀለበት ኩሽኔታው መቀመጫ አጥቶ መጀመሪያ ይጮሃል፣ ቀጥሎ ይበላል፣ በመጨረሻም ሞተሩን እንደገና ያስወርዳል። የኔዋ ካምቢዮ ቱቦ የለውም። ስለዚህ የሚገዛው 200 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ቀለበት ነው። ሊብሬውን ያመነ 180 ይገዛል። ሞተሩን ያመነ ቀለበት የሌለው ይገዛል። ሁለቱም ሐቀኛ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ተመልሰው ሱቅ ይሄዳሉ።

ይህ የኔ ቮልስ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። እዚህ አገር መኪና አይጣልም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ካስወደደው ወዲህማ ያለውን ጠግኖ መያዝ ግዴታ ሆነ። ሞተሩ ከአንዱ፣ ካምቢዮው ከሌላው፣ በሩ ከሦስተኛው ይመጣል። ሊብሬው የሚነግራችሁ የትውልድ ዘመኗን እንጂ ከዚያ ወዲህ ማን ከማን ጋር እንደኖረች አይደለም።

አሮጌውን ዲስክና መጫኛ በፌስታል ይዤ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። መሬቱ በዘይት የጠቆረ ነው፣ ከራስ በላይ መከላከያና በር ተሰቅሏል፣ ከእግር በታች ካምቢዮ ተደርድሯል፤ በዚህ መሀል ሁለት ሰው በቧንቧ አንጠልጥሎ የተሸከመው ሞተር «መንገድ! መንገድ!» እየተባለለት ያልፋል። አንድ ደላላ ፌስታሌን ከሩቅ አይቶ፣ «ፋዘር፣ ፍሪሲዮን ነው?» አለኝ። እንዴት እንዳወቀ የገባኝ ዝቅ ብዬ ሱሪዬን ሳይ ነው። ከጉልበቴ በታች የፌስታሉ ቅርጽ በጥቁር ታትሟል።

ሱቁ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ አራት ሰው ነበረበት። ባለሱቁ ወጣት ነው፣ ሥርዓት ያለው።

«የምን ይሁንልዎት ጋሼ?»

«የቮልስ። 200 ባለ ቀለበት።»

«ኦርጅናል ጀርመን አለኝ።»

«ባለ ቀለበት ነው?»

«ጀርመን ነው ጋሼ!»

«ቀለበቱ…»

«ብራዚልም አለ፣ ጀርመን ከከበደዎት። ህንድ አለ። ቻይናም ኦርጅናሉ አለ፣ ሁለተኛ ደረጃውም አለ።»

የጠየቅሁት ስለ ልክ ነው፣ የተመለሰልኝ የአገር ስም ነው። ደግሞ አልፈርድበትም፤ ከኔ በፊት የገቡት ሁሉ የጠየቁት ስለ አገር ነው። ባለሱቅ የሚያከማቸው ደንበኛ የሚጠይቀውን መልስ ነው።

አገር ምንም ማለት አይደለም እያልኩ አይደለም። ጀርመን፣ ሽቫይንፉርት የሚገኘው ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1895 በብስክሌት ዕቃ ጀምሮ ስንት ዘመን ሞላና ሸራ ሲፈትን የኖረ ፋብሪካ ነው፤ ስሙ በከንቱ አልተጠራም። ብራዚልም ቢሆን የጎደለ አይደለም። ጀርመኖች ቮልሷን ማምረት በ1978 ሲተዉ ብራዚሎች እስከ 1986 ቀጠሉ፣ በ1993 እንደገና ጀመሩና እስከ 1996 ሠሩ። የመጨረሻዋ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑብላ ላይ ስትወጣ የተሠሩት ሁሉ ከ21 ሚሊዮን በልጠው ነበር። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ቮልስ በመለዋወጫ የሚያኖር ዓለም፣ ከአንድ አገር ብቻ ሸራ አይገዛም። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ልክ፣ ቀጥሎ አሠራር፣ ከዚያ አገር። ልኩ ያልሆነ ፍሪሲዮን ጀርመን ሆነ አልሆነ ካምቢዮ ቤቱ አይገባም።

ካርቶኑ ተከፈተ። ላዩ ላይ የታወቀ ስም፣ የጀርመን ባንዲራም አለበት። እዚህ ላይ ተጠራጠርኩ፤ ስሙ የታወቀ ሰው ሰንደቅ ዓላማ ለብሶ አይዞርም። ዲስኩን አወጣሁ። ብረቱ ላይ ምንም የተመታ ጽሑፍ የለም፤ ሪቬቶቹ ከሸራው ፊት ጋር እኩል ሊሆኑ ትንሽ ነው የቀራቸው። ሪቬት ጠልቆ መቀመጥ አለበት፣ የሸራው ዕድሜ የሚለካው ከላዩ እስከ ሪቬቱ ራስ ባለው ውፍረት ነውና። ይህኛው ተወልዶ ነው ያረጀው።

ከኪሴ የልጄን የትምህርት ቤት ማስመሪያ አወጣሁ። 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለ200 ሚሊ ሜትር ዲስክ እግዜር የሰጠው መለኪያ። ዜሮው አንዱ ጠርዝ ላይ ሆኖ 20ው ሌላው ጠርዝ ላይ ካረፈ አበቃ። የሱቁ ሰዎች ሁሉ ወሬያቸውን አቁመው አዩኝ። ማስመሪያው ላይ የተለጠፈችው ቢራቢሮ ክብሬን ሳትቀንስብኝ አልቀረችም። ዲስኩ ግን 19 ላይ አለቀ።

«በጣም ትንሽ ናት እኮ ልዩነቷ ጋሼ» አለኝ።

ሌላ ሱቅ ገባሁ፣ ከዚያም ሌላ። አንዱ ጋ ልኩ ተገኘ፣ ቀለበት የለም፤ «ቀለበቱን በብየዳ እናስይዝልዎታለን» አለኝ፣ ሲናገር እንኳ አላፈረም። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ መጽሔቱ እስኪታተም ስለሚለወጥ። ብቻ በመጨረሻ አንድ ጥግ ያሉ ሽማግሌ ነጋዴ አገሬን ሳይጠይቁ፣ የፍሪሲዮኑንም አገር ሳይናገሩ፣ ፌስታሉን ተቀብለው አሮጌውን ዲስክ አወጡ፤ ጥርሱን በአውራ ጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፣ ከመደርደሪያ አዲስ አውርደው ጥርሱን ቆጠሩ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ጠርዙን በጥፍራቸው ዞሩበት። ሪቬቱ የጠለቀ፣ መሀሉ ባለ ሞላ። የመሀል ሞላው ስትነሡ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ የሚያበርድ ነውና ለከተማ መኪና ከደረቁ ዲስክ እሱ ይሻላል። መጫኛውን ደግሞ ከነቀለበቱ ከሌላ ካርቶን አመጡ። ዲስኩ ጀርመናዊ፣ መጫኛው ብራዚላዊ ሆነ።

«ኩሽኔታውስ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቆጥበው። ሦስቱ ዕቃዎች ውስጥ ርካሹ ኩሽኔታው ነው፤ አሮጌው «ገና ደህና ነው» ይባልና ይቀራል። ቆይቶ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ይጮሃል፣ እሱን ለመቀየር ያው ሞተር እንደገና ይወርዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ገዛሁ። ዘይት የሚይዘውንም የቮላኖውን ጎማ ጨመርኩበት፤ ከሞተሩ ኋላ የሚያልፍ ዘይት አዲሱን ሸራ ከነካው የተደከመው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሥራው ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የቮልስ ቮላኖ የታሰረው በአንድ ትልቅ ቡሎን ብቻ ነው፤ ቁልፉ 36 ቁጥር። መጽሐፉ 30 ኪሎ ግራም ሜትር ይጥበቅ ይላል። ይህን የሚለካ ቁልፍ ጋራዡ የለውም፤ ሒሳብ ግን አለ። ረዳቱ 60 ኪሎ ይመዝናል። መካኒኬ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክተው፣ ከቡሎኑ ጀምረው ግማሽ ሜትር ለኩና በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ልጁ ምልክቱ ላይ ወጥቶ ቆመ። 60 ሲባዛ በግማሽ፣ 30። ቧንቧው ዝቅ አለ፣ አለ፣ ቆመ።

«ቁርስ በልተሃል?» ብለው ጠየቁት።

«በልቻለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ልክ ነው፣ ውረድ።»

ከዚያ እጃቸውን በኦሞ ታጥበው ዲስኩን ያዙ፤ ከመጥረጊያ እንጨት በጠረቡት ዘንግ መሀሉን አስተካክለው መጫኛውን አሰሩበት፣ ስድስቱን ቡሎኖች እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት። ሞተሩ ሲመለስ አንዴ እንኳ ሳይንገራገር ገባ። ቮልሷ አሁን ፖስታ ቤቱን አልፋ ስትወጣ ድምጿና ጉዞዋ ይስማማሉ። የጭነት መኪኖችም መሽተት አቁመዋል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ገና ሽታው ሲጀምር ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ ሊጠይቀን ሲመጣ በሻንጣው ሙሉ ፍሪሲዮን ከነካርቶኑ ይዞልን መጣ። አምስት ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ለሱ ሲል ስንት ሰው የላከውን ዕቃ መልሷል፣ አየር ማረፊያም ይህ ክብ ብረት ምንድን ነው ተብሎ ሻንጣው ተበርብሯል። የልጁ መልካምነት አንጀት ይበላል። እኅቱ የላከችለትን የሊብሬ ፎቶ አይቶ ነው ያዘዘው። 1965፣ 1200 ሲሲ። 180 ሚሊ ሜትር።

ካርቶኑ ሳሎን ተቀምጦ ሳለ እነዚያ ጡረተኛ ጎረቤቴ ገቡ። እሳቸውን ተከትሎ ቮልስ ያለው አንድ የሰፈር ሰው ገባ፤ እሳቸው እንዳስጠሩት ግልጽ ነው። ሰውየው ካርቶኑን በሁለት እጁ አንሥቶ መዘነው።

«ከየት ነው?»

«ከአሜሪካ፣ በሻንጣ የመጣ ነው» አሉት ጎረቤቴ፣ እኔን ቀድመው።

ዲስኩ ላይ የተመታው ጽሑፍ ብራዚል ይላል። ሰውየው አላየውም፤ ካርቶኑን እያሻሸ ነበር። «በቃ ወሰድኩት!» አለና ኪሱ ገባ።

ማስመሪያውን ከልጄ ቦርሳ አወጣሁና፣ «ያንተ መኪና ስንት ነው?» አልኩት።

«ስንት ምኑ?» አለኝ።